አማቴ የነገሩኝ ወታደርና መዝገቡ ያስቀመጠው ወታደር

በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እዚህ ካለነው ውስጥ ብዙዎቻችን ከአሜሪካውያን ጋር ተጋብተን ልጆች ወልደናል። በእኛ በኩል ያለውን ዘር ለልጆቻችን እንቆጥርላቸዋለን። በሌላው ወገን ያለውን ግን ለአማቾቻችን ትተነዋል። ከዚያ ልጁ የቤተሰብ የዘር ሐረግ ሥራ የሚል የቤት ሥራ ይሰጠውና ለአያቱ ይደውላል። ስልኩን ዘግቶ ሲመጣ «ከአያቶቼ አንዱ የኮንፌዴሬት ወታደር ነበር» ይላል። አሁን ምን ይባላል? አንዳንዱ ወላጅ ደንግጦ ወሬ ይቀይራል። አንዳንዱ «ድሮ ነው፣ ተወው» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልወደውም። ልጁ የጠየቀው ስለ ራሱ ደም ነው፣ መልስ ይገባዋል።

ስለዚህ ዛሬ ያንን ሰው እንዴት እንደምትፈልጉት ነው የምነግራችሁ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የቤተሰቡን ወሬ አትጣሉት፣ እንዳለም አትመኑት፣ ከመዝገቡ ጎን አስቀምጡት። ወታደሩን ስትፈልጉ ደግሞ ቤተሰቡ በባርነት የያዛቸው ሰዎች ካሉ እነሱንም አብራችሁ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚገኙት በአንድ ፍርድ ቤት፣ በአንድ ሣጥን፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ከ1861 እስከ 1865 ድረስ 11 የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ተገንጥለው ኮንፌዴሬት የሚባል የራሳቸውን መንግሥት አቁመው ዩኒየን ከሚባለው ከሰሜኑ ወገን ጋር የእርስ በርስ ጦርነት ተዋግተው ነበር። የተገነጠሉት ባርነትን ለማቆየት ነው። ይህ የእኔ አስተያየት አይደለም፣ ራሳቸው ጽፈውታል። ሚሲሲፒ የተገነጠለችበትን ምክንያት ስታስረዳ አቋሟ ሙሉ በሙሉ ከባርነት ሥርዓት ጋር የተያያዘ መሆኑን በጽሑፍ አስፍራለች። የኮንፌዴሬቱ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በመጋቢት 1861 ሳቫና ላይ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው ሐሳብ ነው ብሎ ተናግሯል። የአንድ ገበሬ ልጅ ለምን እንደዘመተ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱን የሚመልሰው የራሱ ፋይል ነው።

መጀመሪያ አረጋውያኑን አናግሩ። ኮምፒውተሩ አይሸሽም፣ አያቶች ግን ያልፋሉ። ስልካችሁን ቅጂ ላይ አድርጉና ጠረጴዛው ላይ አኑሩት። «ወታደሩ ማን ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። የት ተቀበረ? ከጦርነቱ በኋላ የት ኖረ? ሚስቱ የማን ልጅ ነበረች? ጎረቤቶቹ እነማን ነበሩ? የትኛው ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር? ማን ነገረህ፣ እሱስ ከማን ሰማ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። ወታደሩን በዓይኑ ካየ ሰው የተሰማ ወሬና በ1920ዎቹ በተደረገ የመታሰቢያ በዓል ላይ ከተሰማ ንግግር የተቀዳ ወሬ አንድ ክብደት የላቸውም።

መጽሐፍ ቅዱሳቸውንም ለማየት ለምኑ። እኛ አገር የልጅ ልደት በዳዊት ባዶ ቅጠል ላይ እንደሚጻፈው እነሱም በትልቁ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለልደት፣ ለጋብቻና ለሞት የተሰመረ ገጽ አላቸው። ስታዩት የታተመበትን ዓመት መጀመሪያ ተመልከቱ። መጽሐፉ የታተመው በ1880 ሆኖ በውስጡ የ1840 ልደት በአንድ ቀለምና በአንድ እጅ ጽሕፈት ከተደረደረ፣ ያ ከጊዜ በኋላ ከትዝታ የተገለበጠ ነው ማለት ነው። ዋጋ የለውም አልልም። ግን በዕለቱ እንደተጻፈ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

የእኔን ጉዳይ ልንገራችሁ። የባለቤቴ ቤተሰብ ከሰሜን ካሮላይና መሀል አገር ነው። አማቴ ስለ ቅድመ አያታቸው የሚሉት ይህ ነበር፤ በፈቃዱ ዘመተ፣ የኮንፌዴሬቱ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ ቨርጂኒያ ውስጥ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሲሰጥ አብሮ ነበር፣ ከዚያ ባዶ እግሩን በእግሩ አገሩ ገባ፣ ባሪያም ይዞ አያውቅም። አራት ነገር ነው የተናገሩት። አራቱንም ጻፍኳቸውና ወደ መዝገብ ሄድኩ።

መዝገቡ እንዴት ሊተርፍ እንደቻለ ማወቅ ደስ ይላል። ሚያዝያ 1865 መጀመሪያ ላይ የኮንፌዴሬቱ መንግሥት ዋና ከተማውን ሪችመንድን ጥሎ ሲወጣ መጋዘኖቹን አቃጠለ፣ እሳቱ ወደ ከተማው ተዛመተ፣ ብዙ ወረቀትም አብሮ ነደደ። የጦሩ ዋና መዝገብ ኃላፊ የነበረው ጄኔራል ሳሙኤል ኩፐር ግን የቻለውን ያህል ሰነድ ይዞ ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና ደረሰ። እዚያም ሰነዱ እንዲቃጠል ሳያደርግ ለአሸናፊው ወገን አስረከበ። እኔ በዚህ ሰውዬ ብዙ ነገር አልስማማም፣ ለዚህ ሥራው ግን አመሰግነዋለሁ። ከ1903 ጀምሮ የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ከእነዚህ ወረቀቶችና ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች ከተዋሳቸው ሰነዶች እየለቀመ የእያንዳንዱን ወታደር መረጃ በካርድ ላይ አሰፈረ። የስም ጥሪው፣ የሆስፒታሉ፣ የእስር ቤቱ፣ የደመወዙ መረጃ ሁሉ በአንድ ፖስታ ውስጥ ተሰበሰበ። ዛሬ ያ ፋይል ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። ፎልድ ስሪ በሚባለው ድረ ገጽም ይታያል፣ ብዙ የሕዝብ ላይብረሪዎች እዚያው ቁጭ ብላችሁ በነፃ እንድትከፍቱት ያደርጋሉ።

ከዚያ በፊት ግን የፌዴራል ፓርኮች አገልግሎት የሠራውን የወታደሮች ስም ማውጫ ተመልከቱ። ነፃ ነው፣ የሁለቱም ወገን 6.3 ሚሊዮን ስም አለበት። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ነው። ጆን ስሚዝ ብላችሁ ብትፈልጉ ምን እንደሚመጣ አስቡት። ቁልፉ ካውንቲው፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ ወረዳ ነው። የዚያ ዘመን ጦር የሚመለመለው በሰፈር ነበር፤ አንድ ሻምበል ጦር ከአንድ ካውንቲ ወይም ከሁለት ጎረቤት ካውንቲዎች ይሰበሰባል፣ ወንድማማች፣ አማችና ጎረቤት አንድ ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ በ1860 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ቤተሰቡ የሚኖርበትን ካውንቲ አግኙ፣ ከዚያ ካውንቲ የትኞቹ ሻምበሎች እንደወጡ እዩ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ፈልጉ። ከጎኑ የተሰለፉት ስሞች በቆጠራው ላይ ጎረቤቶቹ ከሆኑ ሰውዬውን አግኝታችሁታል።

ወደ አማቴ ቅድመ አያት ልመለስ። ፋይሉ ተገኘ። በጦሩ የተመዘገበው በ1862 የአሜሪካ በጋ፣ በሙቀቱ ወራት ነው። የኮንፌዴሬቱ የግዳጅ ምልመላ ሕግ የወጣው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነው፣ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለውን ነጭ ወንድ ይመለከት ነበር። በፈቃዱ ዘመተ የሚለው እንግዲህ ይላላል። ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በተራ ወታደርነት ካገለገለ በኋላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1864 ስፖትሲልቫኒያ ላይ ተማረከ። ስፖትሲልቫኒያ ከዚህ ወደ ደቡብ በመኪና ሩቅ አይደለም፣ ብዙዎቻችን ወደ ሪችመንድ ስንሄድ በአቅራቢያው እናልፋለን። ከዚያ በጀልባ ፖይንት ሉክአውት ወደሚባለው እስር ቤት ተወሰደ።

ፖይንት ሉክአውት ሜሪላንድ ውስጥ የፖቶማክ ወንዝ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ነው። እስረኛው የሚኖረው በድንኳን ነበር፣ የብርዱን ወራትም ጭምር። በጦርነቱ ዘመን ከ50,000 በላይ ሰው አልፎበታል። ከጠባቂዎቹ መካከል ጥቁር የዩኒየን ወታደሮች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ከደቡብ ባርነት ያመለጡ። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ አስበው «ይህንን ማንም አልነገረኝም» አሉ። በእርግጥም አይነገርም። ለልጅ ልጅ የሚተረክ ዓይነት ነገር አልነበረም።

ሊ አፖማቶክስ ላይ እጁን በሰጠበት በሚያዝያ 9 ቀን 1865 እንግዲህ ሰውዬው ሜሪላንድ ውስጥ በአጥር ታጥሮ ነበር። የተለቀቀው በሰኔ ነው፣ የታማኝነት መሐላ ፈርሞ። መሐላው ላይ መልኩ ተጽፏል። የቆዳው ቀለም፣ ፀጉሩ፣ ዓይኑ፣ ቁመቱ። ፎቶ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፣ አማቴ ያቺን መስመር ደጋግመው እንዲነበብላቸው ጠየቁ።

ታዲያ ቤተሰቡ ዋሸ ማለት ነው? አይደለም። በእግሩ ወደ አገሩ ገባ የሚለው እውነት ሳይሆን አይቀርም፣ የተነሣበት ቦታ ነው የተለወጠው። ለምን ተለወጠ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ መልሱ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ከጦርነቱ በኋላ የዚያ ክፍለ ግዛት ሰዎች «በቤተል የመጀመሪያ፣ በጌቲስበርግና በቺካማጋ ከሁሉ የራቀ፣ በአፖማቶክስ የመጨረሻ» የሚል የጦር ሜዳዎቹን ስም የሚጠራ መፈክር ነበራቸው፣ በሐውልቶቻቸው ላይ ሁሉ አስፍረውታል። በዚህ መፈክር መሀል ያደገ ልጅ አያቱ የት ነበሩ ሲባል አፖማቶክስ ይላል። የቤተሰብ ወሬ እንዲህ ነው የሚሠራው። የሆነው ነገር አይጠፋም፣ ግን በሰፈሩ ዘንድ ወደሚከበር ቦታ ይጠጋል። ተራው ወታደር ካፒቴን ይሆናል። ሆስፒታል የተኛው ከሊ ጎን ይሰለፋል። ከጦሩ የጠፋው ደግሞ ጭራሹን አይወራለትም።

ስለ ጠፉት ካነሣሁ አንድ በይፋ የታወቀ ታሪክ አለ። ሞዝ ትሪፕሌት የሚባል የሰሜን ካሮላይና ልጅ በ1862 ለኮንፌዴሬት ገባ። ወደ ጌቲስበርግ ሲሄዱ ታመመና ሆስፒታል ቀረ፣ እሱ በሌለበት የነበረበት ሬጅመንት፣ ብዙ ሻምበሎችን የያዘው የጦር ክፍል፣ ጌቲስበርግ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። ከሆስፒታሉ ወጥቶ ጠፋ። በ1864 ደግሞ ለዩኒየን ገብቶ ከቀድሞ ወገኖቹ ጋር ተዋጋ። በስተርጅና ከወጣት ሚስት ልጅ ወለደ፣ እሱ 83 ዓመቱ ሳለ በ1930 አይሪን የምትባል ልጅ ተወለደች። አይሪን ትሪፕሌት በአባቷ የዩኒየን አገልግሎት ምክንያት በወር 73 ዶላር ከ13 ሳንቲም የፌዴራል ጡረታ እየተቀበለች ቆይታ በ2020 አረፈች። በእርስ በርስ ጦርነቱ ስም ጡረታ የተቀበለች የመጨረሻዋ ሰው እሷ ናት። እንግዲህ የአንድ ሰው ስም በሁለቱም ጦር ዝርዝር ላይ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ሁለቱንም ፋይል ክፈቱ።

ጡረታ ስል እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፌዴራል መንግሥት እስከ 1958 ድረስ ለኮንፌዴሬት ወታደር ጡረታ አልከፈለም። የከፈሉት ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። ቨርጂኒያ በ1888 ጀመረች፣ ቴክሳስ በ1899፣ ኬንታኪ በ1912፣ ኦክላሆማ በ1915። ወታደሩ የሚያመለክተው ደግሞ ለተዋጋበት ሳይሆን በእርጅናው ለሚኖርበት ክፍለ ግዛት ነው። ጆርጂያ ተወልዶ፣ ከጆርጂያ ዘምቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ቴክሳስ የገባ ሰው ፋይሉ ኦስቲን ነው ያለው። አትላንታ ብትቆፍሩ አታገኙትም። ስለዚህ በመጀመሪያ የ1900ና የ1910 የሕዝብ ቆጠራን ተመልከቱ። የ1910ሩ ቆጠራ ሽማግሌዎቹን ወታደር ነበርክ ወይ ብሎ ጠይቋል፤ በቀኝ በኩል በአንዷ ጠባብ አምድ ላይ «ሲኤ» (CA) የሚል ምልክት ካያችሁ የኮንፌዴሬት ጦር ማለት ነው። የ1890ውን ቆጠራ አትድከሙበት፣ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት ጠፍቷል።

እኔ የጡረታ ፋይልን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ሰውዬው ራሱ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። የት ቆሰልክ፣ ምን ያህል ንብረት አለህ፣ ማን ያውቅሃል ይባላል። አብረውት የዘመቱ ምስክሮች ይቀርባሉ፣ ሐኪም ይመረምረዋል። የመበለቶቹ ፋይል ደግሞ ይበልጣል። ሚስትየዋ የት፣ መቼ፣ በማን ፊት እንደተጋባች ትናገራለች። ፍርድ ቤቱ ተቃጥሎ የጋብቻ መዝገብ በጠፋባቸው ካውንቲዎች ብቸኛው ማስረጃ ያ ሊሆን ይችላል። የሴቶቹ ድምፅ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ብዙ አይገኝም፣ እዚህ ግን አለ።

በዚሁ የጡረታ ሣጥን ውስጥ ጥቁር ሰዎችም ታገኛላችሁ። ሚሲሲፒ ከ1888 ጀምሮ፣ ቴነሲ ከ1921፣ ቨርጂኒያ ከ1924 ጀምሮ ለአንዳንድ ጥቁሮች ጡረታ ሰጥተዋል። ይህንን ይዘው «ጥቁሮችም ለደቡብ ተዋግተዋል» የሚሉ አሉ። ፎርሙን አንብቡት። ጌቶቻቸው ለማገልገል ወደ ጦር ሜዳ የወሰዷቸው አሽከሮች፣ ወጥ ቤቶችና ምሽግ ቆፋሪዎች ናቸው። የኮንፌዴሬቱ ምክር ቤት ጥቁርን በወታደርነት ለመመልመል የፈቀደው በመጋቢት 1865 ነው፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት። ለእነዚያ ሰዎች ዘሮች ግን ያ ፋይል ወርቅ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የተሰበሰበ ትዝታንም በጥንቃቄ ያዙት። ቴነሲ ከ1914 ጀምሮ፣ በኋላም በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ በሕይወት ለነበሩ የጦርነቱ ወታደሮች መጠይቅ ላከች፣ ከ1,600 በላይ መልስ መጣ። ጥያቄዎቹ ድንቅ ናቸው። የምትኖርበት ቤት ምን ዓይነት ነበር? አባትህ ስንት ኤከር መሬት ነበረው፣ ባሪያስ ነበረው? ባሪያ ያለውና የሌለው እኩል ይታይ ነበር? ድሃ ልጅ ተምሮ ራሱን ለመቻል ዕድል ነበረው? አንዳንዱ ሽማግሌ ሁሉም እኩል ነበር ይላል፣ የዚያው ካውንቲ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ባለ ባሪያዎቹ ይንቁን ነበር ይላል። ሁለቱም ዘምተዋል። አያታችሁ ባይኖርበት እንኳ ከእሱ ካውንቲ የመጣውን መልስ አንብቡ፣ በምን ዓለም ውስጥ እንዳደገ ይገባችኋል።

ትዝታ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት ደግሞ ዋልተር ዊሊያምስን አስቡ። ሂዩስተን ውስጥ በ1959 መጨረሻ ላይ ሲሞት የመጨረሻው የእርስ በርስ ጦርነት ወታደር ተብሎ ነበር፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የሐዘን ቀን አወጀለት። የ1860 ቆጠራ ሲታይ ግን ሰውዬው ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበር፣ ለጦርነት የሚደርስ ዕድሜ አልነበረውም። የወታደርነቱ ወሬ የመጣው በድህነቱ ዘመን ጡረታ ለማግኘት ሲያመለክት ነው። እኔ አልፈርድበትም፣ ድሃ ሽማግሌ ነበር። ግን ዕድሜውን ከቆጠራው ጋር ማስተያየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከሁሉም በላይ የነካኝን ታሪክ አሁን ልንገራችሁ። ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ ኤልማይራ የሚባል ሌላ እስር ቤት ነበር። 12,000 ያህል የኮንፌዴሬት ምርኮኛ ገባበት፣ ወደ 3,000 ገደማ በብርድ፣ በተቅማጥና በፈንጣጣ ሞተ። የቀበራቸው ጆን ጆንስ የሚባል ጥቁር ሰው ነው። ጆንስ የተወለደው ሊስበርግ፣ ቨርጂኒያ ነው። አዎ፣ ይቺው ላውደን ካውንቲ ያለችው፣ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩባት። በባርነት ተወልዶ በ1844 አምልጦ በእግሩ ኤልማይራ ገባ፣ እዚያም የመቃብር ጠባቂ ሆነ። የሞቱትን እስረኞች ሲቀብር የእያንዳንዱን ስምና የጦር ክፍሉን እየመዘገበ፣ የመቃብሩን ቦታ እያመለከተ ነው። ለእያንዳንዱ ቀብር 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፈለው ነበር፣ ስማቸውን እንዲህ አጥርቶ እንዲይዝ ግን ማንም አላስገደደውም። ከእነዚያ ሁሉ ሺዎች ማንነታቸው ያልታወቀው ጥቂት ብቻ ናቸው። ዛሬ ከአላባማና ከካሮላይና ተነሥተው አያታቸውን ፍለጋ ኤልማይራ የሚሄዱ ቤተሰቦች መቃብሩን የሚያገኙት ይህ ሰው በጻፈው ምክንያት ነው። ባሪያ አድርጎ ሊያኖረው የተዋጋውን ጦር ልጆች ለእናቶቻቸው አስቀመጠላቸው። እኔ ይህን ሰው በጣም አከብረዋለሁ፣ ልጆቼንም ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ።

ወደ አራተኛው ነገር ልምጣ፤ «ባሪያ ይዞ አያውቅም» ወደሚለው። ይህንን በየቤቱ ትሰማላችሁ። ለአማቴ ቅድመ አያት እውነት ነው። ሲዘምት 19 ዓመቱ ነበር፣ ምንም ንብረት አልነበረውም። ግን የሚኖረው በማን ቤት ነው? ጆሴፍ ግላትሃር የሚባል የታሪክ ምሁር በ1861 የሊ ጦር ሊሆን በነበረው ሠራዊት በፈቃዳቸው የገቡትን አጥንቶ ነበር። ራሱ ባሪያ የነበረው ከአሥሩ አንድ ትንሽ አለፍ ይላል። ከወላጆቹ ጋር የሚኖረውና ወላጆቹ ባሪያ ያላቸው ሲደመር ግን 36 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ የወታደሩን ስም ብቻ ይዛችሁ አትፈልጉ፣ የአባቱንም ፈልጉ።

የ1850ና የ1860 ቆጠራ ለብቻው የተዘጋጀ የባሪያዎች ዝርዝር አለው። እሱን ስትከፍቱ ልባችሁን አዘጋጁ። የጌታው ስም በግራ በኩል ተጽፏል። ከሱ ሥር ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። ስም የለም። በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ሰው በዚህ ሁኔታ ነው የተቆጠረው። በባርነት የነበሩት ሁሉ በስማቸው የሚታዩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1870 ቆጠራ ነው፣ ለዚህ ነው ጥቁር አሜሪካውያን ዘራቸውን ሲፈልጉ 1870 ላይ ግንብ የሚገጥማቸው። ግንቡን የሚያልፉት በአብዛኛው በጌቶቹ ወረቀት ነው። በኑዛዜ፣ በውርስ ክፍፍል፣ በሽያጭ ውል፣ አንዳንዴም በዚያው በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ የኋላ ገጽ።

የወታደሩ አባት ዝርዝር ላይ አንዲት ሴትና አንድ ልጅ ነበሩ። አማቴ ይህንን ሰምተው አያውቁም። ከዚያ በካውንቲው ፍርድ ቤት በነበረው የውርስ መዝገብ ላይ፣ ከበቅሎው፣ ከማረሻውና ከአልጋው ጋር ተቆጥረው፣ ሁለቱም ከነስማቸውና ከተገመተላቸው ዋጋ ጋር ተገኙ። በ1870 ቆጠራ ላይ እናትና ልጅ በዚያው አካባቢ፣ በራሳቸው ቤት፣ በነፃነት ይኖራሉ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፣ ዘሮቻቸው በሕይወት ስላሉ የመናገሩ መብት የእነሱ ነው።

የሴትየዋን ስም ለአማቴ ሳነብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። ከድሮው ቤት በታች ያለው ማሳ በዚያ ስም ይጠራ ነበር አሉ። በልጅነታቸው ሲጠሩት ኖረዋል፣ ለምን እንደዚያ እንደሚባል ግን የጠየቀ አልነበረም። እንግዲህ የቤተሰቡ ትዝታ ሴትየዋን ይዟት ቆይቶ ነበር፣ ማን እንደሆነች ግን ረስቷል። ወሬውን አትጣሉት ያልኩት ለዚህ ነው። ያለ መዝገቡ ማሳው ባዶ ስም ነው፣ ያለ አማቴ ደግሞ መዝገቡ ሴትየዋ የት እንደሠራች አይነግረንም ነበር።

ጥያቄ ስንጀምር አንድ ወንድማችን «ይህ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አለው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲወጣ አብሮ ሄዶ ዜናውን ለኒው ዮርክ ሄራልድ የላከው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የቀድሞ የኮንፌዴሬት ወታደር ነው። በስድስተኛው የአርካንሳስ ሬጅመንት ተሰልፎ፣ ሚያዝያ 1862 ሻይሎ ላይ ተማርኮ፣ ቺካጎ በሚገኘው ካምፕ ዳግላስ ከታሰረ በኋላ ለዩኒየን ፈርሞ ወጣ። የገዥው የኬዲቭ እስማኤል ግብፅ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ያጡ የሁለቱንም ወገን የአሜሪካ መኮንኖች ቀጥራ ነበር። ከእነሱ አንዱ ዊሊያም ሎሪንግ፣ በሜክሲኮ ጦርነት አንድ እጁን ያጣ የኮንፌዴሬት ጄኔራል፣ በ1876 ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ነበር። አፄ ዮሐንስ ያሸነፉበት ጉራዕ። ስለዚህ አማቾቻችሁ «ከአያቶቻችን አንዱ ከጦርነቱ በኋላ ግብፅ ሄደ» ካሏችሁ በደንብ አድምጡ፣ የሁለቱ ወገን አያቶች አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው ሊሆን ይችላል።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያገኛችሁትን ወረቀት በስልካችሁ ውስጥ አታስቀሩት። የውርስ መዝገብም ሆነ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በባርነት የተያዘ ሰው ስም ያለበት ገጽ ካገኛችሁ ቅጂውን ለካውንቲው ላይብረሪ ወይም ለታሪክ ማኅበሩ ስጡ፣ ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይም በነፃ መጫን ትችላላችሁ። አማቾቻችሁን አስፈቅዱ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ፣ አንዳንዶቹ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ጊዜ ስጧቸው። ከ1870 በፊት ያለችውን አያቱን የሚፈልግ ሰው ያንን ገጽ እየጠበቀ ነው፣ ገጹ ደግሞ ምናልባት በልጆቻችሁ አያት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።